ከ«የኔ ብጤ» እስከ «የልማት ተነሺ»፦ ድሆች የተጠሩባቸው ቃላት ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ደሃውን፣ ደካማውንና ቀን የጣለውን ሰው ለመጥራት በአማርኛ ስንገለገልባቸው የኖርናቸውን ቃላት ከታሪካቸው ጋር አያይዞ መመርመር ነው። ቃላቱ ብዙ ናቸው። ሁሉንም መዘርዘር የመዝገበ ቃላት ሥራ ስለሆነ እዚህ አይሞከርም። የሚሞከረው አንድ ጥያቄ ይዞ ጥቂቶቹን መፈተሽ ነው። ጥያቄውም ቃሉ በሚነገርበት ጊዜ ደሃው ከተናጋሪው ጋር በምን ዓይነት ዝምድና ይቆማል የሚል ነው። ከተናጋሪው ጎን ነው? ከፊቱ ነው? ወይስ በሦስተኛ ሰው መዝገብ ውስጥ?

ለምርመራው መነሻ የሚሆነን ሰፈር የአዲስ አበባው ጎተራ ነው። በገጠር ጎተራ ማለት ከእንጨትና ከጭራሮ ተማግሮ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ክዳን ተደፍቶለት ከደጅ የሚቆም የእህል ማኖሪያ ነው፤ የባለቤቱም ሀብት የሚለካው በእርሱ ነው። «ጎተራው ሙሉ ነው» ማለት ሰውየው ከችጋር ርቋል ማለት ነው። በከተማው ሰፈሩ ይህን ስም ያገኘው ከትልቁ የእህል ማከማቻ ሲሆን፣ ዛሬ ስሙን ብዙ ሰው የሚያውቀው በመንገዱ ማሳለጫ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ወጣ ቢሉ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ጥር 15 ወይም ሐምሌ 19 ቀን በደጁ ያለፈ ሰው በአማርኛ ደሃ የሚጠራባቸውን ቃላት አብዛኞቹን በአንድ ጠዋት ሊሰማ ይችላል። የሙሉ ጎተራ ስምና የባዶ እጅ ልመና በእግር መንገድ ርቀት ላይ መገኘታቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ለቃላት ተመራማሪ ግን ምቹ አጋጣሚ ነው።

በመጀመሪያ «የኔ ብጤ»ን እንመልከት። «ብጤ» አቻ፣ እኩያ፣ መሰል ማለት ነው። «ብጤህን ፈልግ» የሚባለው ከማይመጥነው ጋር ለሚጎዳኝ ነው። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» የተሰኘው ተውኔት በርእሱ የያዘው ሐሳብም ከዚሁ የእኩያነት ሚዛን የተነሣ ነው። እንግዲህ ልመና የወጣን ሰው «የኔ ብጤ» ብሎ የጠራ ተናጋሪ፣ በሚዛኑ ላይ ራሱንም አብሮ አስቀምጧል ማለት ነው። ቃሉ ስለ ለማኙ ልብስ፣ ስለ ረኀቡ ወይም ስለ ጠባዩ አንዳችም አይናገርም። የሚናገረው ስለ ተናጋሪው ነው፦ እኔም እንደርሱ ነኝ፤ ወይም ነገ እንደርሱ እሆናለሁ። በእንግሊዝኛ ደሃን ለመጥራት ከሚያገለግሉት ቃላት መካከል ተናጋሪውን በአንደኛ መደብ አገናዛቢ የሚያስር አንድም አላገኘሁም።

ለማኙም በበኩሉ «የኔ» ማለትን ያውቅበታል። «የኔ እናት»፣ «የኔ ጌታ»፣ «የኔ ልጅ» ብሎ ይለምናል። የሌለው ሰው የማያውቀውን አላፊ አግዳሚ የራሱ አድርጎ ይጠራዋል። ሰጪው «የኔ ብጤ» ሲል፣ ተቀባዩ «የኔ እናት» ሲል፣ ሁለቱም አገናዛቢውን ይለዋወጣሉ። የማይሰጠውም እንኳ ባዶ አፉን አያልፍም፤ «እግዜር ይስጥህ» ይላል። ይህ አባባል በቃል ምርቃት፣ በተግባር እምቢታ ነው። ቢሆንም እምቢ ያለው ሰው የመስጠቱን ግዴታ አልካደም፤ ወደ ሌላ ሰጪ አስተላለፈው እንጂ።

የቤተ ክህነቱ ቃል «ነዳይ» ነው፤ ሲበዛ «ነዳያን»። ከግእዙ «ነድየ» ይወጣል፤ ደኸየ፣ አጣ ማለት ነው። በዚህ ቃል ዙሪያ የሚገኙት ግሦች ሁሉ ስለ መታሰብ የሚናገሩ መሆናቸው ያስገርማል። ዝክር፣ ተዝካር፣ መዘከር፤ ሁሉም ከ«ዘከረ» የመጡ ሲሆኑ ትርጉማቸው ማስታወስ ነው። «ተዘከሩኝ» ያለ ለማኝ በቀጥታ ቢተረጎም «አስታውሱኝ» ብሏል። የቆሎ ተማሪም ትምህርቱን የሚከታተለው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ በመቅፈፍ ነበር። ስለዚህ በአሮጌው ሥርዓት ለምኖ መብላት የግድ የውርደት ምልክት አልነበረም፤ የቅኔ ሊቅ የሚሆነው ልጅ ማለፊያ መንገድም ነበር። አኩፋዳ ያነገበውን ተማሪ ውሻ ሊነክሰው ይችላል፤ ዱርዬ የሚለው ግን አልነበረም።

ከሁሉም የበለጠ ረዥም መንገድ የተጓዘው ቃል «ምስኪን» ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ምዕተ ዓመት በባቢሎን የወጣው የሐሙራቢ ሕግ «ሙሽኬኑም» የሚባል የሰው ደረጃ ያውቃል። ይህ ሰው ባሪያ አይደለም፤ ግን ከጨዋው በታች ነው። ሕጉ የጨዋን ሰው ዓይን ያጠፋ ዓይኑ ይጥፋ ሲል፣ የሙሽኬኑምን ዓይን ያጠፋ ግን አንድ ምናን ብር ከፍሎ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ቃሉ ከዚያ ተነሥቶ በአራማይክ፣ በዕብራይስጥ፣ በዐረብኛና በግእዝ አለፈ። ከዐረብኛም ወደ አውሮፓ ተሻገረ። ትኩረት የሚስበው የደረሰበት ቦታ ልዩነት ነው። በጣልያንኛ «ሜስኪኖ» ዛሬ የሚያመለክተው ልበ ጠባብ፣ ንፉግ፣ ትንሽ የሆነን ሰው ነው። ደሃውን ሲጠራ የኖረ ቃል ተገልብጦ የሥነ ምግባር ነቀፌታ ሆነ። በአማርኛ ግን «ምስኪን!» ሲባል አሁንም ምላስ ከንፈር ይመጥጣል። አንዱ ቋንቋ ቃሉን ወደ ንቀት ሲወስደው ሌላው ወደ ርኅራኄ ወስዶታል። ለዚህ ምክንያቱ የሕዝቦች ደግነት ወይም ክፋት ነው ማለት አይቻልም፤ ግእዝን ያስተማረችን ቤተ ክርስቲያን ቃሉን በጸሎት ውስጥ ስለጠበቀችው ይመስለኛል።

በዚህ አጋጣሚ የትርጉም ተማሪዎችን ዘወትር የሚያሰናክል አንድ ነጥብ ላንሣ። የእንግሊዝኛው «ፑር» ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ገንዘብ የሌለውንም ይጠራል፣ የሚታዘንለትንም ይጠራል። አማርኛ ሁለቱን ለይቷቸዋል። ባለጸጋ ሰው ልጁ ቢሞትበት እንግሊዛዊው በ«ፑር» ያዝንለታል፤ እኛ «ደሃ» አንለውም፣ «ምስኪን» እንለዋለን እንጂ። ይህን ያላስተዋለ ተርጓሚ ሚሊዮን ያለውን ገጸ ባሕርይ በየገጹ ደሃ ሲያደርገው ይታያል።

በዓለማዊው አነጋገር ደሃን የምንገልጽባቸው ሐረጎች ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚጥሉም መታየት አለበት። «ቀን የጣለው»፣ «ቀን የጎደለበት»፣ «ያጣ የነጣ» እንላለን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሐረጎች አድራጊው ቀን ነው፤ ሰውየው ተደራጊ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገሪቱ ላይ የወረደውን እልቂት፣ ከብቱን የፈጀውን በሽታና የተከተለውን ረኀብ ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ መጥራቱ ከዚሁ አስተሳሰብ የመጣ ነው። ክፋቱ የቀኑ ነው። «የነጣ» የሚለው ደግሞ ሐሳብ ሳይሆን የሚታይ ነገር ነው፤ ቅቤ ያላገኘ ቆዳ ያመደዋል። «ደሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ኖሮ በነጣ ነበር» የሚለው ተረትም ምሳሌውን የወሰደው ከዚህ ነው። ከእነዚህ ጎን የእንግሊዝኛውን «ሉዘር» ብናስቀምጥ ልዩነቱ ቁልጭ ይላል፤ ቃሉ ኑሮን ውድድር፣ ድህነትን ደግሞ የሰውየው የራሱ ሽንፈት ያደርገዋል። ይሁንና የእኛን ቃላት ሁሉ የደግነት ምንጭ አድርጎ ማቅረብ ከእውነት መራቅ ነው። «ደሃ አደግ»፣ «ቆማጣ»፣ «ችጋራም» የሚሉትም የዚሁ ቋንቋ ልጆች ናቸው፤ በጎዳናም ሲወረወሩ እንደ ድንጋይ ያቆስላሉ። ከንጋት በፊት በየደጁ እያዜሙ የሚለምኑት ላሊበሎች ካላዜሙ በሥጋ ደዌ እንመታለን ብለው ያምናሉ ሲባል፣ ሰሚው ከሚሰጣቸው ሳንቲም ጋር ፍርሃትም አብሮ ይሰጣቸዋል።

አሁን ወደ ከተማው እንመለስ። አዲስ አበባ ድሆቿን ስትሰይም አብዝታ የተጠቀመችበት ግሥ «አደረ» ነው። «አደረ» ሌሊቱን አሳለፈ ማለት ነው፤ ኖረ፣ ተዳደረም ማለት ነው። ከእርሱ የወጡትን ስሞች ልብ ይሏል፦ ጦም አዳሪ፣ በረንዳ አዳሪ፣ ሴተኛ አዳሪ፣ የጎዳና ተዳዳሪ። «ወታደር»ም ከ«ወጥቶ አደር» መጣ ይባላል። አማርኛ ሰውን የሚመዝነው ቀን በሠራው ሳይሆን ሌሊቱን ባሳለፈበት ሁኔታ ነው ለማለት ይቻላል። ሰላምታችንም «እንደምን አደርክ» ነው። ለበረንዳ አዳሪ ይህ ሰላምታ የምር ጥያቄ ነው።

«በረንዳ» ራሱ ከአውሮፓ ቋንቋዎች የመጣ ቃል ነው፤ ያለ በረንዳም በረንዳ አዳሪ የለም። በጎጆ ቤቶች መንደር መጠጊያ ያጣ ሰው ደጀ ሰላም ያድራል፣ ወይም እንግዳ ነኝ ብሎ ጎጆ ይገባል። የከተማው ሱቅ ሲስፋፋ ግን ሌሊት ባለቤት የሌለው ጣሪያ ተፈጠረ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣልያን ወረራ በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ውርስ ትቷል። «ካዛንቺስ» የሚለው ስም ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው የጣልያን ተቋም ምሕጻረ ስም፣ ከ«ካዜ ኢንቺስ» የመጣ ነው። ማለትም ሰፈሩ በስሙ የደመወዝተኛ ሰፈር ነው። ጫማ የሚጠርገው ልጅ መጠሪያ «ሊስትሮ»ም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው። ባለደመወዙም፣ ጫማውን የሚያስጠርግበትም ልጅ ከአንድ ቋንቋ ስም ወጣላቸው። ሸክም የሚሸከመው «ኩሊ» ግን ከሕንድ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ በኩል የደረሰን ነው። ሁለቱም ቃላት ሥራን ስለሚጠሩ ልመናን ከሚጠሩት ይለያሉ፤ ሆኖም በስድብነት ሲያገለግሉ ሰምተናል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ከፍ ያለ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። በ1953 ዓ.ም.፣ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት በከሸፈበት ዓመት፣ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኮሌጅ ቀን በዓል ላይ ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አቀረበ። ግጥሙን እዚህ መተንተን አያስፈልግም፤ ርእሱ ብቻ ለጉዳያችን ይበቃል። ከዚያ በፊት ደሃ በአደባባይ ሲናገር የሚታወቀው በአቤቱታ ነበር። «ፍርድ ጎደለ፣ ደሃ ተበደለ» እያለ የሚጮኸው ሰው ደሃ ያለው ራሱን ነው፤ ሰሚውም ንጉሡ ነው። በ1953ቱ ርእስ ግን ደሃው ስለ ራሱ ይናገራል ቢባልም፣ የሚናገርለት ተማሪ ነው። «ደሃ» የሚለው ስም ከአቤት ባይነት ወጥቶ የፖለቲካ ባለመብት ሊሆን የጀመረው በዚህ መድረክ ላይ ነው፤ ደግሞም ከዚሁ ጊዜ ጀምሮ ስለ ደሃው ሌላ ሰው መናገሩ ልማድ ሆነ። ሁለቱ ውጤቶች አብረው የተወለዱ በመሆናቸው አንዱን አመስግኖ ሌላውን መዝለል አይቻልም።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች ስለ ሾላ ሰፈር ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ሾላ የከተማው ለማኞች ከየጎዳናው ተለቅመው የሚታጎሩበት ቦታ ነበር። ተማሪዎቹ ሁኔታውን ተመልክተው ያነሡት ጥያቄ «ድህነት ወንጀል ነውን?» የሚል ነበር። ብዙ ጊዜ ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ ሲጻፍ ከአንድ ዓመት በፊት የተነሣው «መሬት ላራሹ» ሰፊውን ገጽ ይይዛል፤ መፈክሩ ሥርዓት ቀይሯልና ተገቢ ነው። በቋንቋ ረገድ ግን የሾላው ጥያቄ ጥልቀቱ አያንስም፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ስለ ስም ነው። ሰው ልመና ስለወጣ ብቻ ወደ አጥር ግቢ ሲገባ «የኔ ብጤ» መሆኑ ቀርቶ የጸጥታ ጉዳይ ሆኗል። በዚያ ቀን ሰልፍ የወጡት ልጆች ብዙዎቹ ቤተሰቦቻቸው እነዚያኑ ሰዎች በየበዓሉ ሲዘክሩ አይተው ያደጉ ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ሲወጣ «ጭሰኛ» ከሕግ ተሰናበተ። በእርሱ ፋንታ «ጭቁን»፣ «ሰፊው ሕዝብ»፣ «ላብ አደር»፣ «ወዝ አደር» መጡ። «ገበሬ»ም በመንግሥት አንደበት «አርሶ አደር» ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ላብ አደር ወይስ ወዝ አደር ይባል የሚለው ክርክር ዛሬ ለተማሪዎቼ ቀልድ ይመስላቸዋል፤ በጊዜው ግን ሰው ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚለይበት ነበር። ለእኛ ጉዳይ ተፈላጊው ነገር የቃላቱ ሠሪዎች አሮጌውን «አደረ» ይዘው መቆየታቸው ነው። ጦም የሚያድረው በላቡ የሚያድር ተባለ። ጦም ማደሩ ግን በቃሉ ውስጥ አልታየም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። እዚህ ላይ የእንግሊዝን ታሪክ መጥቀስ ግድ ይላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1531 ባወጣችው ሕግ ድሆችን በሁለት ከፈለቻቸው። አንደኛው «ኢምፖተንት ፑር» ነው፤ አቅም የሌለው ማለት ሲሆን፣ የልመና ፈቃድ ይሰጠዋል። ሁለተኛው «ስተርዲ ቤገር» ነው፤ ጤነኛ ጉልበት ያለው ለማኝ ሲሆን፣ ይገረፋል። እ.ኤ.አ. የ1601 የድሆች ሕግ ይህንኑ ክፍፍል አጸና። እ.ኤ.አ. በ1697 ደግሞ ከደብሩ እርዳታ የሚቀበል ሁሉ በቀኝ ትከሻው ላይ «ፒ» የሚል ፊደል በጨርቅ ሰፍቶ እንዲሄድ ታዘዘ። «ፓውፐር» የሚለው ቃል፣ በላቲን ደሃ ከማለት በቀር ሌላ ትርጉም ያልነበረው፣ በእንግሊዝ የመዝገብና የምልክት ስም ሆነ። እንዲህ ያለ ክፍፍል የሌሎች አውሮፓውያንም ሕግ ባሕርይ ነበር።

የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንን ያረቀቁት የስዊዘርላንዱ ዣን ግራቨን ናቸው። ሥራ ፈትቶ መዞርንና ልመናን እንደ ጥፋት የሚያየው የአውሮፓ ሕግ አስተሳሰብ በእንዲህ ያለው መንገድ ወደ አማርኛ የሕግ ቋንቋ ገባ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 384 «አደገኛ ቦዘኔነት»ን ለመቆጣጠር የታወጀ ነው። የሚያነጣጥረውም አካሉ ለሥራ ብቁ ሆኖ ሳለ የሚታይ መተዳደሪያ በሌለው ሰው ላይ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ድርጊቶቹን ይዘረዝራል፤ የተጠረጠረም ሰው በዋስ እንዳይለቀቅ ይከለክላል። እንግሊዞች «ስተርዲ» ያሉት ሰው ከአራት ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ በአማርኛ ስም አገኘ። «ቦዘነ» ቀድሞ ሥራ ፈታ፣ ተዝናና ከማለት አይዘልም ነበር፤ «የቦዘነ» መሬትም አለ። «አደገኛ» የሚለው ቅጽል ሲታከልበት ግን ያለ ሥራ የመቆም ሁኔታ ራሱ ዛቻ ሆነ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በነበረው ሁከት በብዛት የታሰሩ ወጣቶች በዚህ ስም ተጠሩ። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ ድንጋይ ላይ የሚቀመጡ ልጆች ራሳቸው በቀልድ «እኛ አደገኞቹ» ሲሉ መስማት የተለመደ ነበር፤ ስድብን በቀልድ ማርከስ የደካማ መሣሪያ ነው።

ከሕጉ ቀጥሎ የመጣው የጽሕፈት ቤት ቋንቋ ነው። «ተረጂ»፣ «ተፈናቃይ»፣ «አቅመ ደካማ»፣ «ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው»፣ «ለችግር ተጋላጭ የኅብረተሰብ ክፍሎች»። የመጨረሻው የእንግሊዝኛው «ቫልነረብል» ጥላ ነው። ይህን የእንግሊዝኛ ቃል በአንድ የአማርኛ ቃል እንዲተረጉሙ ለተማሪዎች ስሰጥ ብዙዎቹ «ተጋላጭ» ይላሉ። አንዲት ተማሪ ግን «ለነፋስ የተሰጠ» ብላ ጻፈች፤ ነጥብ የሰጠኋት ለእርሷ ነው። እነዚህ ቃላት ጨዋ ናቸው፤ ማንንም አይሰድቡም። ይሁን እንጂ «ምስኪን» እንደሚባለው አንዱን ሰው «ተጋላጭ!» ብሎ ማዘን አይቻልም። ቃሉ የሚሠራው በብዙ ቁጥርና በሪፖርት ነው። «የደሃ ደሃ» የሚለው፣ ቀድሞ የማዘን ቃል የነበረው፣ በወረዳ መዝገብ የመለያ ረድፍ ሆኗል። «ሴፍቲኔት» ግን የተለየ ዕጣ ገጥሞታል። በከተሞች ፕሮግራሙ ከተጀመረበት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ እናቶች «ሴፍቲኔት ገባሁ» ማለት ጀመሩ። በእነርሱ አፍ ቃሉ የድህነት ስም ሳይሆን የሥራ ስም ነው፤ ጠዋት መጥረጊያ ይዘው የሚወጡበት። ባዕድ ቃል ከአገሬው ቃል የተሻለ ክብር ሲሰጥ ከሚታይባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

«የኔ ብጤ»ስ የት ደረሰ? ቃሉ አልሞተም። ግን በጋዜጣና በማስታወቂያ «የኔ ብጤዎች» ሆኗል፦ የኔ ብጤዎች ከጎዳና ተነሡ፣ የኔ ብጤዎች ቁጥር ጨመረ። እዚህ ላይ ሰዋስው ይጠይቃል፤ «የኔ» ያለው ማን ነው? ዘጋቢው ራሱን አላሰበም፤ መሥሪያ ቤቱም አላሰበም። አገናዛቢው ባለቤቱን ጥሎ ከስሙ ጋር ተጣብቋል። ቃላት ሲደርቁ እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፤ ሌላ ቃል ቢሆን ኖሮ ጉዳዩን የሥነ ልሳን ተራ ነገር አድርጌ አልፈው ነበር። በዚህ ቃል ግን የደረቀው ተናጋሪውን ከደሃው ጋር አንድ ላይ ያሰረው ገመድ ነው።

የመጨረሻው ቃል ገና ትኩስ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የኮሪደር ልማት ሥራ ካዛንቺስ ሲደርስ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛወሩ። በመንግሥት ቋንቋ እነዚህ ሰዎች «የልማት ተነሺዎች» ናቸው። ቃሉ ከካዛንቺስ በፊትም ያገለግል ነበር፤ በዚህ ሰፈር ግን ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ተጠራበት። «ተነሺ» ከ«ተነሣ» የወጣ ነው፤ ተነሣ ደግሞ በራሱ የሚደረግ ነገር ነው። ሰው ከእንቅልፉ ይነሣል፣ ከተቀመጠበት ይነሣል፣ ለመንገድ ይነሣል። በስሙ ውስጥ የሚያስነሣ የለም። «የልማት» የሚለው አያያዥም ልማት ያስነሣው ይሁን ለልማት ብሎ የተነሣ ይሁን አይለይም። የሰፈሩ ሰዎች ስለዚያው ነገር ሲያወሩ ግን ሌላ የግሥ ዓይነት ይመርጣሉ። «ከየት መጣችሁ?» ሲባሉ «ከካዛንቺስ» ይላሉ፤ «ለምን?» ሲባሉ ደግሞ ብዙዎቹ «ተነሣን» አይሉም፤ «አስነሡን» ይላሉ።